ሥልጠናውስ ይሁን፤ የሥራ ውሉስ?

ስለ ፊልማችን ድክመት በተወራ ቁጥር የሚቀርበው መፍትሔ ሥልጠና ነው። ይሁን፣ ማንም አይጠላውም። እኔ ግን ይበልጥ የቸገረን የሠለጠነውን ማቆየት ነው ባይ ነኝ። ላይትማኑን ብቻ ተመልከቱት። ቀረጻ ጠዋት 1 ሰዓት ነው ከተባለ እሱ 12 ሰዓት ላይ ስታንድ እየተከለ ነው፤ ሌሊት ተዋንያኑ ከተሸኙ በኋላ ኬብል ጠቅልሎ፣ ጄኔሬተር አስጭኖ በመጨረሻ የሚወጣውም እሱ ነው። ክፍያው በቃል ነው፤ ቀኑ ደግሞ «ፊልሙ ሲኒማ ሲገባ»። ሁለት ሦስት ፊልም እንዲህ ሠርቶ ወደ ሠርግ ቀረጻ ቢዞር ማን ይፈርድበታል? የቀሰመው ሙያ አብሮት ይሄዳል፤ ቀጣዩ ፊልም ከጀማሪ ጋር እንደገና ከሀ ሁ ይነሳል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የተሠራ ትርፍ ሰዓት ክፍያው የመደበኛው 1.75 እጥፍ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። «እነሱ እኮ ፍሪላንሰር ናቸው» የሚል መልስ ይመጣል። እርግጥ አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አይመለከትም፤ የፊልሙን ሙዚቃ በራሱ ስቱዲዮ ሠርቶ የሚያስረክብ ባለሙያ በዚህ ሊታይ ይችላል። መቼ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቆም፣ ምሳውን ሳይቀር መቼ እንደሚበላ የሚታዘዝ ቡም ያዥ ግን በምን ሒሳብ የራሱ አለቃ ይሆናል? ለአንድ ሥራ ብቻ የሚደረግ ቅጥርንም ቢሆን አዋጁ ያውቀዋል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ በእኛ በጀት ይህ ሁሉ ከተጠየቀ ፊልም መሥራት ይቀራል ይባላል። በጀቱ ጠባብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሆሊውድም ገንዘብ ስላለው ብቻ ሠራተኛውን አላሳረፈም። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ረዳት ካሜራማን 19 ሰዓት ሠርቶ ወደ ቤቱ ሲነዳ እንቅልፍ ጥሎት በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሲኒማቶግራፈሩ ሃስኬል ዌክስለር ይህን ጉዳይ ይዞ ዘጋቢ ፊልም እስከ መሥራት ደረሰ። አያትሲ የተባለው የቴክኒክ ሠራተኞች ማኅበር በቀረጻ ቀናት መካከል የ10 ሰዓት ዕረፍትን በ2021 ስምምነቱ ያስገባው የሥራ ማቆም አድማ ደጃፍ ላይ ደርሶ ነው። ደግሞስ ያልተከፈለው ገንዘብ የት ይሄዳል? በአሥራ ስድስተኛው ሰዓት ፎከስ ይስታል፣ ድምፅ ይበላሻል፣ ትዕይንቱ እንደገና ይቀረጻል። ዕረፍት ከብር ይልቅ የሚፈልገው በቅጡ የወጣ ፕሮግራም ነው።

ፕሮዲውሰሮች፣ ከሚቀጥለው ቀረጻ በፊት የአንድ ገጽ ውል አዘጋጁ፦ የሥራ ድርሻው፣ ክፍያውና የሚከፈልበት ቀን፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ ይጻፍ። ማሠልጠኛዎችም ተማሪውን ካሜራ ስታስይዙት ይህን ወረቀት ማንበብና መጠየቅ አብራችሁ አስተምሩት።