የሲሬን ቀብር በካርታ ፍለጋ

ዛሬ ስለ አንድ የገጠር ቀብር ልናወጋችሁ ነው። ቀብሩ ያለው በአርሲ፣ በሲሬ ወረዳ ነው። ጉልላት የለውም፤ አጥርም አልነበረውም። እኛ ወንድምና እህት አምስት ሆነን ያለበትን እስክናውቅ ሁለት ዓመት ፈጀብን።

ነገሩ የተጀመረው በአባታችን ጥያቄ ነው። እናታቸው፣ ማለትም አያታችን (አላህ ይዘንላቸው)፣ ያረፉት በ1959 ዓ.ም. ነበር። አባታችን በዚያን ጊዜ ለሥራ አሰላ ነበሩ፤ ጀናዛ ይቸኮልበታልና ሳይደርሱ ተቀበሩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከዐረፋ በዓል ማግሥት እየሄዱ ሰላምታ ያቀርቡ፣ ዱዓ ያደርጉ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግን የመንደር ምሥረታው ዘመቻ መጣ። አርሲ ዘመቻው ቀድሞ ከደረሰባቸው ክፍለ ሀገሮች አንዱ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱን በእጁ እያፈረሰ፣ ምሰሶውንና ማገሩን ተሸክሞ ወደ አዲሱ መንደር ተጓዘ። በሬውን ነዳ፣ ልጁን አዘለ፤ ሙታኑ ግን እዚያው ቀሩ። የእኛም ቤተሰብ ወደ አሰላና ወደ አዲስ አበባ ተበተነ። እነሆ አባታችን ከሰማንያ ዓመት አልፏቸው፣ ዓይናቸውም ደክሞ ሳለ፣ «ከእናንተ መካከል የእናቴን ቀብር የሚያውቅ ማነው?» ሲሉን ከአምስታችን አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

የአባታችን ታላቅ እህት፣ አክስታችን፣ ቦታውን ያውቁታል። ችግሩ የሚያውቁት በድሮው ምልክት መሆኑ ነው። «ከሐሮው በላይ ነው» ይላሉ፤ ሐሮው፣ ማለትም ኩሬው፣ ደርቆ መታረስ ከጀመረ ቆይቷል። «የገበያው መንገድ ከሚከፈልበት ወደ ፀሐይ መውጫ ነው» ይላሉ፤ በዚያ መንገድ ዛሬ የሚሄድ የለም። «ወይራዎች አሉበት» ሲሉማ፣ የትኛው ወይራ ተርፎ! ሁለት ጊዜ ከአዳማ በዴራ አድርገን ይዘናቸው ሄድን። በመኪናው መስኮት አሻግረው ስንዴውን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ የእኛ አገር አይደለም» አሉና ዝም አሉ።

ካርታ የሚለው ሐሳብ የታናሽ እህታችን ነው። እሷ ቅየሳ ተምራለችና፣ «የአክስታችን ትዝታና የድሮ ካርታ እኩያ ናቸው፤ ለምን አናገናኛቸውም?» አለችን። በእርግጥ ካርታ ትንሽ ቀብርን አያሳይም። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ይበጃል። 1 ለ50,000 በሆነው ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የመሬት 500 ሜትር ነው። ሠላሳ ሜትር ስፋት ያለው የገጠር ቀብር በወረቀቱ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። 1 ለ250,000 በሆነው ላይ ደግሞ 0.12 ሚሊ ሜትር፣ ከእርሳስ ጫፍ የቀጠነ ነው። ካርታው የሚይዘው በቀብሩ ዙሪያ የነበረውን ነው፤ ኩሬውን፣ ምንጩን፣ የእግር መንገዱን፣ ጎጆዎቹን። እነዚህ ደግሞ አክስታችን የሚናገሯቸው ነገሮች ናቸው።

የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ይባል የነበረውና ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ የተጠቃለለው መሥሪያ ቤት ካሳተማቸው ካርታዎች የአካባቢውን አግኝተን በትልቁ አባዛን። ጣሊያኖች የሠሯቸውን የቆዩ ካርታዎችም ፈለግን። በእነዚህ ላይ ስም የሚፈልግ ሰው የጣሊያኖችን አጻጻፍ ይወቅ። እነሱ «ከ» እና «ኪ» የሚለውን ድምፅ «ሲ» እና «ኤች» በሚባሉት ፊደላት ነው የሚጽፉት። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ልማድ ያነበበ ሰው የከለታን ወንዝ «ቸለታ» ብሎ ያልፈዋል። «ሲ» ብቻዋን ከ«ኢ» በፊት ስትመጣ ደግሞ «ች» ትሆናለች፤ ጭላሎን ያገኘናት በዚህ መንገድ ነው።

የሚገርመው የፎቶግራፉ ነገር ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ከአውሮፕላን ያነሷቸው የአገራችን ፎቶግራፎች በካርድ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው አዲስ አበባ ውስጥ በካርታው መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ኖረዋል። ተመራማሪዎች ሲቆጥሯቸው ሰሌዳዎቹ 8,281 ሆነው ተገኝተዋል። ለእኛ ግን የጠቀመን ሌላው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1972 «ኮሮና» በተባሉ የስለላ ሳተላይቶች ዓለምን ፎቶ ሲያነሱ ነበር። ፊልሙ ከሰማይ በዣንጥላ ሲወርድ አውሮፕላን አየር ላይ ይቀልበው ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ከ860,000 በላይ የሆኑት ምስሎች ለሕዝብ ተፈቀዱ። ለስለላ የተነሳ ፎቶ የአንዲት የሲሬ እናት ቀብር መፈለጊያ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ሱብሐነላህ!

ድንጋይ በዚያ ምስል ላይ አይታይም። ዛፍ ግን ይታያል። እርሻ ሜዳውን ሁሉ ጠርጎ በወሰደበት አገር፣ ሰው መጥረቢያ የማያነሳበት ቦታ እንደ ጥቁር ነጥብ ጎልቶ ይወጣል። ከኩሬው በላይ፣ መንገዱ ከሚከፈልበት በስተ ምሥራቅ፣ እንዲህ ያለች ነጥብ አገኘን። ምስሉን ከዛሬው የስልክ ካርታ ጋር አነባብረን ስናየው፣ ከዛፎቹ የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። አክስታችን ወረቀቱን አያነቡም። ጣታችንን ከኩሬው ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ነጥቧ እየወሰድን ስንነግራቸው ግን፣ «አዎ፣ እዚህ ጋ የእነ እንትና በር ነበር፤ ከዚህ ውኃ እንቀዳ ነበር» እያሉ ከእኛ ቀድመው ደረሱ።

በጥር ወር፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ሄድን። በስንዴው ቃርሚያ መካከል እሬት በቅሎ አየን፤ በዚያ አገር ቀብር ላይ እሬት መትከል የቆየ ልማድ ነው። ጠጋ ስንል ድንጋዮች አሉ። አንዳንዱ ቆሟል፣ አንዳንዱ ወድቋል፣ ከዳር ያሉት ተለቅመው ተቆልለዋል። ጽሑፍ የሚባል የለም። በትግራይ ኩይሐ አጠገብ ቢለት ከሚባለው ቦታ የወጡት የቀብር ድንጋዮች በአረብኛ የሟቹ ስምና ዘመን ተቀርጾባቸዋልና ከመቶ ዓመታት በኋላም ይናገራሉ። እዚያው አርሲ ውስጥ እንኳ በሙኔሳ አካባቢ የአረብኛ ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች ተገኝተው ምሁራን አጥንተዋቸዋል። የእኛዎቹ ሰዎች ግን አርሶ አደሮች ነበሩ፤ ድንጋይ አቁመው፣ ዱዓ አድርገው ተመለሱ፤ በቃ።

ታዲያ የሙስሊም ቀብር መሆኑ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ደግሞ የሲሬ አቀማመጥ ረዳን። መካና ሲሬ ከምድር ካርታ በአንድ መሥመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሲሬ ቂብላ ከትክክለኛው ሰሜን የሚለየው በአንድ ዲግሪ ገደማ ነው። በሲሬ ካርታውን ቀጥ አድርጎ የያዘ ሰው ራስጌው ቂብላ ነው። ሟች በቀኝ ጎኑ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጎ ስለሚተኛ፣ በዚያ አገር ቀብሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋና ራሱ በምሥራቅ በኩል ይሆናል። የክርስቲያን ወገኖቻችን ቀብርም አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው፤ ራሱ ግን በምዕራብ ነው። ስለዚህ አቅጣጫው ብቻ አይበቃም፤ የራስጌው ድንጋይ የቱ ጋ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ቀብር ላይ ካልወደቁት ድንጋዮች ትልልቆቹ የቆሙት በምሥራቅ በኩል ነበር።

ስንለካ ማሳውን የያዘው ወጣት ገበሬ መጣ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ሰውየው ትሑትና ግልጽ ነው። የተወለደው ከመንደር ምሥረታው በኋላ ነው፤ መሬቱም በድልድል የደረሰው ነው። «ወንድሞቼ፣ በይዞታ ደብተሬ ላይ ቀብር የሚል ነገር የለም። ለመጪው ክረምት ከጎረቤቶቼ ጋር በኩታ ገጠም ልናርስ ትራክተር ተነጋግረናል። ድንጋዩ ማረሻ ይሰብራል፤ አንስቼ አጥር ላደርገው ነበር» አለን። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለን! እሱም ልጆች አሉት፣ መሬቱም ጠባብ ነው። በአርሲ ትራክተር የተስፋፋው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ካዱ፣ በ1960 ዓ.ም. በአሰላ ከተመሠረተ ወዲህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በትራክተር ሥር የገባውን ቀብር ማን ቆጥሮት!

ወደ ሰፈሩ መስጊድ ሄደን ነገሩን ለኢማሙ አቀረብን። ከእኛ ጋር ወግነው ገበሬውን የሚቆጡ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን፣ «ቆይ፣ ተረጋጉ» አሉ። የሙስሊም ቀብር ላይ መቀመጥ እንኳ የተከለከለ መሆኑን፣ የሞተን ሰው አጥንት መስበር የሕያውን ከመስበር ጋር በሐዲስ መመሳሰሉን ነገሩን። ወዲያውም የሌላውን ወገን አነሱ። በእኛ አገር በሚከተሉት የሻፊዒይ መዝሀብ፣ ኢማም ነወዊይን የመሳሰሉ ዑለማዎች፣ ሟቹ ፈጽሞ አፈር ከሆነ በኋላ መሬቱን ማረስ እንደሚቻል ጽፈዋል፤ ለሙስሊሞች ሁሉ ተብሎ የተተወ የጋራ ቀብር ግን በዚህ አይታይም አሉ። «እንግዲህ ሁለት ነገር አምጡልኝ። የመጨረሻው ሰው የተቀበረው መቼ ነው? ቦታውስ የአንድ ቤተሰብ ነበር ወይስ የሕዝብ?»

የመጀመሪያውን አክስታችንና ሁለት የአካባቢው አዛውንቶች መለሱት፤ የመጨረሻዋ በ1977 ዓ.ም. የተቀበረች ሕፃን ናት። ሁለተኛውን የመለሰው ካርታው ነው። በባለ 50,000ው ካርታ ላይ ከሦስት የተለያዩ መንደሮች የተነሱ የእግር መንገዶች ቤትም ምንጭም ገበያም በሌለበት በዚያች ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። ሰው ሦስት መንደር ሙሉ ወደ ባዶ ሜዳ መንገድ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ኢማሙ ካርታውን ወደ መብራቱ አስጠግተው ብዙ አዩት። ከዚያም ገበሬውን ጠርተው መንገዶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው አሳዩት። እሱም ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብሎ፣ «ሙታን ካሉበት አላርስም። ግን ከዚያ አልፋችሁ አትግፉኝ» አለ። አግባብ ያለው ቃል ነው። ማሳውን 34 በ27 ሜትር ለካን፤ ከሄክታር አንድ አሥረኛ የማይሞላ ነው። የመስጊዱ ጀመዓም ለእሱ ማካካሻ ይሆን ዘንድ ከመስጊዱ ጓሮ ያለውን ሣር እንዲያጭድ ፈቀደለት።

ቀጥሎ የተነሳው ክርክር በእኛው መካከል ነው። ታላቅ ወንድማችን ገንዘብ አዋጥተን በስሚንቶ እንገንባው አለ። ቀብርን መለሰንና በላዩ መገንባት በሐዲስ የተከለከለ ነውና ኢማሙም አባታችንም አልተቀበሉትም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዑስማን ኢብኑ መዝዑን ቀብር ራስጌ፣ ቦታው እንዲታወቅ ድንጋይ ማድረጋቸው የተዘገበ ነው፤ ያ በቂያችን ሆነ። የወደቁትን ድንጋዮች ቦታቸው በእርግጥ የታወቀውን ብቻ መልሰን አቆምን፤ ያልታወቀውን አልነካንም። ዙሪያውን ቁልቋል ተከልን። የቦታውን ልክና አቅጣጫ በጂፒኤስ ይዘን፣ የሚታዩትን 41 ቀብሮች በወረቀት ነድፈን አንዱን ለመስጊዱ፣ አንዱን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሰጠን፤ አንዱ ከእኛ ጋር አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንም ሰው በአጋጣሚ ቅርስ ሲያገኝ እንዲያሳውቅ ይደነግጋል። የእኛዎቹ ድንጋዮች ቅርስ ይባሉ አይባሉ ባለሙያ ይወስን፤ ማሳወቁ ግን አይጎዳም።

ከአርባ አንዱ የትኛው የአያታችን እንደሆነ አልታወቀም። አክስታችን በወይራው አጠገብ ነው ይላሉ፤ ወይራዎቹ አራት ናቸው። አባታችንን ወስደን ይህን ስንነግራቸው ብዙም አልተጨነቁ። ከዳር ቆመው ሁሉንም በአንድ ላይ ሰላም አሉና ዱዓቸውን አደረጉ፤ ለሦስቱም መንደር ሰዎች፣ ለዚያችም ሕፃን።

በፎቶግራፉ ላይ ከወንዙ ማዶ ሌላ ጥቁር ነጥብ አለች። መንገድ ሁለት ይገባባታል። የዛሬው ምስል ላይ ዛፍ የለባትም፤ ሰብል ብቻ ነው። በዚያ በኩል ተወልደው ያደጉ አንድ አዛውንት አዳማ እንደሚኖሩ ሰምተናል፤ ከአዝመራው በኋላ ካርታውን ይዘን እንጠይቃቸዋለን፣ ኢንሻአላህ።