በሰፈረው ቁና የተሰፈረ አምበል

«የቴኒሱ ልዑል» የተባለውን የጃፓን ማንጋ ያነበበ ወይም አኒሜውን የተከታተለ ሰው ኬይጎ አቶቤን አይረሳውም። ታኬሺ ኮኖሚ የደረሰውና የሣለው ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2008 በሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ሲወጣ ቆይቶ 42 ቅጽ ሞልቷል። ዋናው ባለታሪክ ሪዮማ ኤቺዘን የተባለ የሴይጋኩ ትምህርት ቤት ተማሪ፣ የ12 ዓመት ልጅ ነው። አቶቤ የተቀናቃኙ ትምህርት ቤት የህዮቴይ አምበል ሲሆን ዕድሜው ገና 15 እንኳ አልሞላም። ያም ሆኖ 200 አባላት ባሉት ክለብ ውስጥ ቃሉ ሕግ ነው። ደጋፊዎቹ እየጮኹ ሜዳውን ሲያናውጡት ጣቱን አንዴ ቀጭ ያደርጋል፤ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ እሱም ጃኬቱን ከላዩ ወርውሮ ወደ ጨዋታው ይገባል። ብዙ ተመልካች መጀመሪያ ይጠላዋል፣ እየቆየ ይወደዋል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም «ለካ ውስጡ ደግ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አቶቤ ደግ አይደለም። ክብር ግን አለው፤ ያንን ክብር ከጭካኔው ነጥሎ ማየት የሚቻል አይመስለኝም።

የህዮቴይ ሕግ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ተሰላፊ ቦታውን ያጣል፣ ተመልሶም አይሰለፍም። ሪዮ ሺሺዶን የገጠመው ይኸው ነው። በቶኪዮው ውድድር ተጋጣሚውን ንቆ ገባና በፉዶሚኔ ትምህርት ቤት አምበል በታቺባና ክፉኛ ተሸነፈ፤ ከቋሚ ተሰላፊዎች ዝርዝርም ወጣ። ልጁ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በአንድ ዓመት ከሚያንሰው ከቾታሮ ኦቶሪ ጋር ለብቻቸው ልምምድ ጀመሩ፤ የኦቶሪ ሰርቭ፣ ማለትም የመክፈቻ ምቱ፣ በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው፣ ሺሺዶም ሰውነቱ እስኪበልዝ ድረስ ከፊቱ እየቆመ ተቀበለው። በመጨረሻ ታሮ ሳካኪ በተባለው አሰልጣኝ ፊት ቀርቦ ቦታው እንዲመለስለት ለመነ። ሳካኪ ጆሮ አልሰጠውም። ሺሺዶ ይኮራበት የነበረውን ረጅም ጸጉሩን እዚያው በመቀስ ቆረጠው። አቶቤ አፉን የከፈተው ያን ጊዜ ነው፤ እኔም አብሬው እለምናለሁ አለ። ሌላ ንግግር አላበዛም። ደግነት ነው የሚሉ ሰዎች ይህችን ቅጽበት ይጠቅሳሉ፤ ሃጊኖሱኬ ታኪን ግን ይረሱታል። ሺሺዶ ወደ ቡድኑ ለመመለስ የገጠመውና ያሸነፈው ታኪን ነበር፤ ታኪም እንደተሸነፈ ቦታውን አጣ። ስለ እሱ የለመነ የለም። አቶቤን ያንቀሳቀሰው ርኅራኄ ቢሆን ኖሮ ለታኪም በተረፈው ነበር። የሺሺዶ ጉዳይ የተለየው ልጁ ሕጉ የጠየቀውን ሁሉ ከነወለዱ ከፍሎ ስለመጣ ነው፤ አቶቤም የተከፈለ ዋጋ ሲያይ አልተከፈለም ብሎ መካድ አይሆንለትም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ፤ በካንቶ ክልል ውድድር አንደኛ ዙር ከሴይጋኩ አምበል ከኩኒሚትሱ ተዙካ ጋር ያደረገው ግጥሚያ ማለት ነው። ሴይጋኩ 2 ለ 1 እየመራ ነው፣ ተዙካ ካሸነፈ ሁሉም ነገር ያበቃል። ተዙካ ቀደም ሲል ክርኑ ተጎድቶ ነበር። የአቶቤ ዋና ችሎታ የተጋጣሚን ድካም ነቅሶ ማየት ነውና ይህን አወቀ፤ ጨዋታውን ሆን ብሎ ማራዘምም ጀመረ። ስሌቱ ግልጽ ነበር። ተዙካ እጁን ለማዳን ከተጣደፈ ይሳሳታል፣ ካልተጣደፈ ክንዱ አይችለውም። ተዙካ ግን ስሌቱ ገብቶት ሳለ ረጅሙን ጨዋታ መረጠ። ለድል አንድ ነጥብ ሲቀረው ትከሻው ከዳው፣ መሬት ላይም ተንበረከከ። ከዚያ ተነሥቶ ተመለሰ። ጨዋታው መለያ ወደሆነው ታይ ብሬክ ገባ። ታይ ብሬክ በተለመደው ሥርዓት 7 ነጥብ ላይ በ2 ነጥብ ልዩነት ያልቃል፤ የእነሱ 37 ለ 35 ደረሰ፣ አቶቤም አሸነፈ። በዚያ ሁሉ ምልልስ አቶቤ አንድም ኳስ አላለሰለሰም። ሲያልቅ ግን የተዙካን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሣው፤ የህዮቴይ ደጋፊዎች የአምበላቸውን ድል ሊያከብሩ በተሰበሰቡበት ሜዳ የተሸናፊውን እጅ ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

የታመመ ክንድን ዒላማ ማድረግ ምን ክብር አለው? ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ተዙካ ከጨዋታው በኋላ ለሕክምና ቡድኑን ትቶ መሄድ ነበረበትና። መልሴ ሁለት ነገሮችን ይለያል። የአቶቤ የመጀመሪያ ዕቅድ ክቡር አልነበረም፤ የሰውን ጉዳት ማስያ ነበር፤ በዚህ አላስተባብለውም። ተዙካ ወድቆ ከተነሣ በኋላ ያለው ክፍል ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ኳሱን ማለስለስ ማለት «አንተ ከእንግዲህ ተጋጣሚ አይደለህም» ማለት ነው። በእውነተኛው ቴኒስ ይህ ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ1989 የፈረንሳይ ኦፕን አራተኛ ዙር ላይ ታይቷል። የ17 ዓመቱ ማይክል ቻንግ በአምስተኛው የጨዋታ ምዕራፍ እግሩ በቁርጠት ተይዞ መቆም እያቃተው የዓለም አንደኛውን ኢቫን ሌንድልን ገጠመ፤ ከስር ወደ ላይ እንደ ሕፃን ሰርቭ እስከ ማድረግ ደረሰ። ሌንድል ግራ ተጋባ፤ በመጨረሻው ነጥብ ሁለቱንም ሰርቭ አበላሽቶ ተሸነፈ። ቻንግም ቀጥሎ ዋንጫውን ወሰደ። ያን ቀን ሌንድል የሚገጥመው ሰው ከማንም በላይ እየታገለ ነበር፤ ማነከሱን ብቻ ያየ ሰው የሚገጥመውን አላወቀም ማለት ነው። ጨዋታውን የማቆም መብት የተጎዳው ልጅና የአሰልጣኙ እስከሆነ ድረስ፣ ከመረቡ ማዶ ያለው ሰው ሊሰጠው የሚችለው አክብሮት ሙሉ ኃይሉን ነው። አቶቤ ይህን ሰጥቷል።

ይህ ሁሉ ግን አቶቤ ራሱ ካልተነካ ባዶ ነው። ሌላውን ብቻ የሚቆርጥ ሕግ ሰው ማጎሳቆያ እንጂ ክብር አይሆንም። አበው በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ፤ ኮኖሚ ይህን ሳይዘነጋ ቁናውን ወደ አቶቤ መልሶታል። የተዙካ ድካም ለህዮቴይ አልጠቀመም፤ ተጠባባቂ ሆኖ የገባው ኤቺዘን የመጨረሻውን ጨዋታ 6 ለ 4 አሸንፎ ህዮቴይን ከካንቶ አስወጣው። ለብሔራዊው ውድድር የደረሱት ለአስተናጋጁ ከተማ በተሰጠ ተጨማሪ ቦታ ነው። እዚያ በሩብ ፍጻሜው አቶቤ ኤቺዘንን ገጠመ፤ የተሸነፈ ጸጉሩን ሊቆረጥ ተወራረዱ። ታይ ብሬኩ 119 ለ 117 አለቀ። አቶቤ በቆመበት ራሱን ስቶ ነበር፤ ሁለት እግሩ መሬቱን እንደረገጠ፣ ሳይወድቅ፣ ተሸነፈ። ጸጉሩም ተቆረጠ። ሺሺዶ በመቀስ የከፈለውን ዋጋ አምበሉም ከፈለ። ተዙካ ላይ የጫነውን ረጅም ጨዋታም እሱ ራሱ ከዚያ በባሰ ርዝመት ተቀበለው፤ በቃኝም አላለም።

ይህ በሥዕል የተፈጠረ ልጅ ነው፣ እውነተኛ ልጆች ግን ይሰበራሉ የሚል ተቃውሞ ይኖራል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በጃፓን ኦሳካ የአንድ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል የነበረ የ17 ዓመት ወጣት በአሰልጣኙ ተደጋጋሚ ድብደባ ከደረሰበት በኋላ ሕይወቱን አጠፋ። አሰልጣኙ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ፤ በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ የስፖርት አካላት ዱላን ከስፖርት ለማጥፋት የጋራ መግለጫ አወጡ። ከዚህ ሐዘን በኋላ የአቶቤን ታሪክ ሳስበው ዓይኔ ወንበሩ ላይ ወደተቀመጠው ወደ ሳካኪ ይሄዳል። ሳካኪ ትልቅ ሰው ነው፣ በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ መምህር ነው። ልጆቹን ከዝርዝር የሚያወጣና የሚያስገባው እሱ ነው። ታኪ ቦታውን ሲያጣ፣ ሺሺዶ ሰውነቱ በልዞ ሲለምን፣ አቶቤ ቆሞ ራሱን ሲስት ሳካኪ ምንም አልከፈለም። ልጆቹ በአንድ ሕግ ሥር ሆነው እርስ በርስ ሊከባበሩ ችለዋል፤ ሕጉን የያዘው ትልቅ ሰው ግን ከሕጉ ውጭ ነበር። አቶቤን አከብረዋለሁ፤ ሳካኪን አላከብረውም። ልጆች የምታሠለጥኑ ሁሉ፣ በቡድናችሁ ውስጥ ያወጣችሁት ሕግ እናንተን የት ላይ እንደሚነካችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው።