በኪራይ ደርብ ቤት ስለ መኖር

ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ባለ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የሚያሳስበው የማደሪያ ቤት ነገር ነው። ደመወዙ ታውቋል፤ መሥሪያ ቤቱም ታውቋል፤ ልጆቹን ይዞ ከማን ደጃፍ እንደሚገባ ግን ደላላውን ሳያገኝ አያውቅም። ደላላውም ሁለት የማይሆኑ ቤቶች አሳይቶ ሦስተኛውን ያስወድደዋል፤ ድርሻውንም ሳይቀበል አይለየውም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ መኳንንቱም በየተመሩት ቦታ ሰፈሩ፤ ሎሌውና ባለ እጁ በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈርን የመሰለው የቦታ ስም ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ በዚች ከተማ ሀብታሙና ድኻው አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ መኖሩ የቈየ ልማድ ነው። ባለ ግቢውም ከዋናው ቤት ኋላ አነስተኛ ክፍሎች እየሠራ ማከራየት ለመደ፤ ዛሬም ሰርቪስ እየተባሉ ይከራያሉ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፥ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በቀበሌ ቤት የገባ ሰው በጥቂት ብር ኪራይ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ለዕድሜው ጎረቤት አድርጎ ያገኝ ነበር፤ ልጁ ባደገበት ደጃፍ የልጅ ልጁ ሲጫወት ያየ ብዙ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኮንዶሚኒየም የሚባለው ቤት በጀሞ፥ በጎፋ፥ በሰሚት፥ በየካ አባዶ፥ በኮዬ ፈጬና በሌላውም ቦታ እየተሠራ በዕጣ ታደለ። ዕጣ የደረሰው ሁሉ ግን አልገባበትም። የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ሲል ቤቱን አከራይቶ እርሱ ራሱ ኪራይ ወደ ረከሰበት ሰፈር የሄደ አለ፤ እንግዲህ አከራዩም ተከራይ ሆነ ማለት ነው።

ከነዚህ ሕንፃዎች የሚበዙት ከምድር ቤቱ በላይ አራት ደርብ ያላቸው ሲሆኑ አሳንሰር የላቸውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በአራተኛው ደርብ የምትኖር እመቤት የምትደክመውን ድካም የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። በርበሬ የሚሰጣበት ግቢ የለም፤ ሙቀጫ ከላይ ሲወቀጥ ከታች ባለው ቤት ሰሐኑ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሕንፃውን ያሰቡት ሰዎች ይህን ሳያስቡት አልቀሩም፤ በየግቢው ለእርድ፥ ለልብስ አጠባና ለወጥ ቤት ሥራ የሚሆን የጋራ ቤት አሠርተዋል። በአንዳንድ ግቢ ግን ይህ ቤት ለሌላ ጉዳይ መዋሉ ያሳዝናል።

ዳሩ ግን ደረጃውም ውሃውም ይለመዳል፤ የማይለመደው የመቈያው ዘመን ማጠር ነው። ኪራይ በየጊዜው ሲጨመርበት፥ ለመጪው ፋሲካ በዚህ ቤት መኖሩን የማያውቅ ተከራይ የዕድር መግቢያ ገንዘብ ከፍሎ ለመመዝገብ ያመነታል። ጎረቤቱም ነገ የሚሄድ ሰው ነው እያለ አይቀርበውም። ልጁ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይለውጣል። ከዚህ በኋላ በዚያ ቤት ሞት ቢመጣ ድንኳን የሚተክል፥ ንፍሮ የሚቀቅል፥ ከሐዘንተኛው ጋር የሚያድር ማን ነው? እናት አባቱ በሩቅ አገር ላሉት ተከራይ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቊጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቊጥር 1320 በገንዘብ ነገር የወጣ ቢመስልም ይህንኑ ጉዳይ የነካ ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ የኪራይ ጭማሪም ተቈጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዕዳ ያለበት አከራይ ኑሮ ሲወደድበት ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ሆኖም ለቤተ ሰብ ሁለት ዓመት ትልቅ ዘመን ነው፤ ሁለት ፋሲካ፥ ሁለት እንቁጣጣሽ፥ ሁለት የትምህርት ዓመት አለበት። ጎረቤት ለመሆን ይበቃል።

እንግዲህ ቤት የምትከራይ እመቤት ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣና የመብራቱ ቈጣሪ ለብቻ መሆኑን ከጠየቀች በኋላ፥ የዕድሩ ዳኛ በየትኛው ሕንፃ እንደሚኖሩ ደግሞ ትጠይቅ። ባለቤቷም ለዕቃ መግዣ ከያዘው ገንዘብ አስቀድሞ የመግቢያውን ይክፈል። በመጀመሪያው እሑድም ከላይና ከታች ያሉትን ሁለት ቤቶች ለቡና ትጥራ፤ ሙቀጫዋንም በዚያው ሳምንት ወደ ጋራው ቤት ታውርድ።