ስለ አንዲት መሥመር እርማት

ሰው ያገኘውን እርማት ለብቻው ቢይዘው፥ ስሕተቱ ከእርሱ ቤት ወጣ እንጂ ከዓለም አልወጣም። ይህን ነገር ከመምህራን ጉባኤ ሳይሆን ከአንድ የኮምፒዩተር ዕቃ መማሬ ለአንባቢዎቼ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም፤ የሆነው ግን እንዲህ ነው።

የቅኔ መምህሬ ከማረፋቸው አስቀድሞ በጉባኤያቸው ያሉትን በድምፅ ቀርጬ፥ ከኮምፒዩተር ውጭ በሽቦ በሚያያዝ ዲስክ አኑሬው ነበር። ሌላ ቅጂ አላበጀሁለትም፤ ይህ የእኔ ስንፍና ነው። የቀድሞው ኮምፒዩተሬ በተበላሸ ጊዜ ዲስኩን ወስጄ በእኅቴ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ብሰካው፥ መብራቱ በራ፥ ጥቂት ቆየ፥ ከዚያም ዝም አለ። የመምህሬ ድምፅ ጠፋ ብዬ እጅግ አዘንሁ።

ልጁ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ነው። ይህን ሥራ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል ፊንላንዳዊ፥ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ጀመረው። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ማንም አንብቦ እንዲያርመው፥ ያረመውንም ለሌላ የሚያድል ቢሆን ምንጩን አብሮ እንዲሰጥ በሚያዝ ውል ሥር አደረገው። የሊኑክስ እምብርት ከርነል ይባላል። ከርነሉ የየዕቃውን ጠባይ ለይቶ ስለማያውቅ፥ በመካከል ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ይቆምለታል።

የዚህ አስተርጓሚ ንግግር በቍጥር የተወሰነ ነው። በዩኤስቢ ሽቦ በቈየው ሥርዐት፥ አስቀድሞ ትእዛዙ 31 ባይት ባለው መልእክት ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚነበበው ወይም የሚጻፈው ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ዲስኩ የታዘዘውን መፈጸሙን ወይም አለመፈጸሙን 13 ባይት ባለው መልስ ያስታውቃል። የዲስኩ ሆድ ደግሞ በክፍል በክፍል የተመደበ ነው፤ የክፍሎቹም ቍጥር የሚጀምረው ከ1 ሳይሆን ከ0 ነው። ስለዚህ መቶ ክፍል ያለው ዲስክ «የመጨረሻው ክፍልህ ስንተኛ ነው?» ቢሉት «99» ሊል ይገባዋል። የእኔው ዲስክ ግን በዚህ ፈንታ ጠቅላላ ድምሩን ይመልስ ኖሯል፤ «100» እንደ ማለት ነው። ከርነሉም አምኖት የሌለውን ክፍል እንዲያነብ ያዘዋል፤ ዲስኩም የሌለውን ሲፈልግ ደንዝዞ ይቀራል።

ልጁ ይህን መርምሮ ሲያበቃ «ጋሼ፥ ዲስኩ አልሞተም፤ የተሳሳተው ቈጠራው ነው» አለኝ። እኔም በቅኔ አንዲት ፊደል ተርፋ ቤቱን ስንት ጊዜ እንዳፈረሰችብኝ ዐስቤ ፈገግ አልሁ።

ሥርዐቱን የሚስቱ ዕቃዎች ብዙ ስለ ሆኑ፥ በአስተርጓሚው ውስጥ የእንግዳ ዕቃዎች መዝገብ አለ። በዚያ የሠሪው ቍጥር፥ የዕቃው ቍጥርና የጠባዩ ምልክት ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም ጕድለቱን ያመለከተው ሰው ስም በአጠገቡ ይገኛል። ለአንዱ ጕድለት ሲባል የሁሉ ሕግ አይለወጥም፤ የሳተው ዕቃ ብቻ ተለይቶ እንደ ጠባዩ ይያዛል።

ልጁ መዝገቡን ሳይነካ፥ ለራሱ ኮምፒዩተር ብቻ «ከዚህ ዲስክ ቈጠራ አንድ ቀንስ» የሚል ቃል ሰጠው። ዲስኩ ተከፈተ፤ መምህሬም መወድስ ሲያሰሙ ሰማኋቸው። ዕንባዬን ጠርጌ «ተመስገን፥ ይበቃናል» አልሁት።

እርሱ ግን «ጋሼ፥ ይህንኑ ዲስክ የገዛ ሌላ ሰውስ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ውሉ በቤትህ ያረምኸውን ለሰው አውጣ ብሎ አያስገድድም፤ የሚያስገድደው ኅሊና ነው። እኔ በተማሪነቴ የአንድ አስቸጋሪ ግስ እርባታ ከአሮጌ ብራና አግኝቼ፥ በመምህሬ ፊት ብቻዬን ልመሰገን ብዬ ከጓደኞቼ ሰውሬዋለሁ። ከእነርሱም አንዱ በዚያው ግስ ተሳስቶ በጉባኤው መካከል ሲያፍር እያየሁ ዝም አልሁ።

ልጁ እርማቱን ጽፎ፥ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ደንብ መሠረት ሥራውን የመስጠት መብት እንዳለው በስሙ ፈርሞ ላከው። ጠባቂዎቹ ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚሰጠውን ዝርዝር በማስረጃነት ጠየቁት። እርሱም ሳይቈጣ ላከላቸው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመዝገቡ ገባለት። ዛሬ በማናውቀው አገር የማናውቀው ሰው ያንን ዲስክ ቢሰካ ይከፈትለታል፤ ማን እንዳረመለትም ሳይጠይቅ ሥራውን ይቀጥላል።

እኔም በማግስቱ ከጉባኤ ገብቼ፥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የደበቅኋትን የዚያችን ግስ እርባታ ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። ከማን እንደ ተማርኋት ሲጠይቁኝ ስለ ብራናው ነገርኋቸው፤ ስለ ደበቅኋትም ነገርኋቸው። ያ ጓደኛዬ ግን በሕይወት የለም።