ከምስክርነቱ በኋላ

በቤተ ክርስቲያናችን ምስክርነት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ታምሜ ነበር፣ ጸለያችሁልኝ፣ ጌታ ረዳኝ፤ ሃሌ ሉያ! እኔም እንዲሁ መስክሬአለሁ። አንገቴ ላይ በወጣ ንፍፊት የጀመረው ነገር ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በየሁለት ሳምንቱ፣ 12 ጊዜ ኬሞ ወሰድሁ፤ ከዚያም አንገቴ ላይ ጨረር ተሰጠኝ። ሐኪሙ የበሽታው ምልክት እንደማይታይ ሲነግረን እናቴ እልል አለች። ምስክርነቴ እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው።

ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ከጭብጨባው በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ሕክምናዬ ካበቃ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ፀጉሬ ተመልሷል፤ ያየኝ ሁሉ «ተመስገን፣ አምሮብሻል» ይለኛል። ድካሙ ግን አብሮኝ አለ። ሥራ ውሎ እንደሚመጣው ድካም አይደለም፤ ያንን እንቅልፍ ያስለቅቀዋል። ይሄኛው ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ስነሣም አለ። ያጠብሁትን ልብስ አስጥቼ እስክጨርስ ሁለት ጊዜ ዐርፋለሁ። እሑድ የወጣቶችን ክፍል አስተምሬ ስመለስ ቡናው እስኪፈላ እንኳ ሳልጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። አንዳንዴም በቃሌ የማውቀው ጥቅስ ይጠፋብኝና ተማሪዎቼ ይጨርሱልኛል።

ይህ ድካም በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። ከካንሰር ሕክምና በኋላ ለወራት፣ በአንዳንዶች ላይም ለዓመታት ይቆያል። ሐኪሞች አስቀድመው ሊታከም የሚችል ምክንያት ይፈልጋሉ፦ የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ድባቴ፣ እንደ እኔ አንገቱ ላይ ጨረር ለተሰጠው ደግሞ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግር በደም ምርመራ ይታወቃሉና ችሎ ዝም ማለት አያዋጣም። ድካሙን ለማቅለል ከሚመክሩት አንዱ ደግሞ በየቀኑ በልክ መራመድ ነው። እኔ ከቤታችን እስከ ወፍጮ ቤቱ ጀመርሁ፤ አሁን እስከ አስፋልቱ ደርሻለሁ።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። የክትትል ቀጠሮ ሲቃረብ እጄ ሳላዝዘው አንገቴን ይዳብሳል። የሌሊት ላብ ከመጀመሪያዎቹ የሕመሜ ምልክቶች አንዱ ነበርና፣ ዛሬ ጉንፋን ይዞኝ ቢያልበኝ እስኪነጋ አልተኛም። አንዲት የምወዳት እኅት «ጌታ ከፈወሰሽ ለምን ትመረመሪያለሽ? አለማመን አይሆንም?» አለችኝ። በቅንነት ነው። በሐኪሞች እጅ የረዳኝ ጌታ በቀጠሮዬም ቀን እዚያው ነው ብዬ መለስሁላት።

ኤልያስን አስቡት። በቀርሜሎስ ሕዝቡ ሁሉ እያየ እሳት ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ያው ነቢይ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ለመነ። መልአኩ እምነቱን አልመረመረም፤ ዳስሶ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በልቶ ተመልሶ ሲተኛም አልነቀፈውም፤ ሁለተኛ ጊዜ አበላው። ድካሙ የመጣው ከድሉ በኋላ ነው፤ ነገር ግን የወረደውን እሳት ሐሰት አላደረገውም። የእኔም ድካም ምስክርነቴን ሐሰት አያደርገውም።

እንግዲህ ታክማችሁ የዳናችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ድካማችሁን ለሐኪማችሁ ሳታሳንሱ ንገሩት፤ ለጌታም እንዲሁ። ጤነኞች የሆናችሁ ደግሞ፣ ወንድማችሁ በመዝሙር ልምምድ መሐል ቢቀመጥ «ድነህ የለም እንዴ?» አትበሉት፤ ወንበር አቅርቡለት። እኅታችሁ ቀጠሮ ሲኖራት «እንጸልይልሻለን» ካላችሁ በኋላ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቋት።

የእኔ ቀጠሮ በሚመጣው ወር ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ አብራኝ ልትሄድ ቃል ገብታለች፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነም ምሳ ትቋጥራለች።