«ሲስተም የለም»

ይህችን መልስ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ያልሰማ ባለጉዳይ የለም። እኔ ደግሞ ከመስኮቱ ጀርባ ሆነው ከሚያስብሏት አንዱ ነበርኩ።

የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሰርቨሩ በየቀኑ ረፋድ ላይ ቀጥ ይላል። «ኔትወርክ ነው» እላለሁ፤ አጥፍቼ አበራዋለሁ፤ ይሠራል። በማግስቱም ያው ነው። ኔትወርክ ካልክ እኮ ማንም አይጠይቅህም!

አንድ ቀን አንድ አባት «ልጄ፣ ለአንዲት ወረቀት ከደብረ ብርሃን ስመላለስ ይሄ ሦስተኛዬ ነው» አሉኝ። አፈርኩ። ያን ቀን ሰርቨሩን ሳላጠፋ ቁጭ ብዬ አየሁት። ፒንግ ሳደርግ ይመልሳል፤ መስመሩ ደህና ነው። ሎጉን ስከፍት ግን ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያልቅበት ዳታቤዙን ራሱ እየገደለው ኖሯል። ጠዋት ጠዋት የሚነሳ አንድ የሪፖርት ፕሮግራም የያዘውን ሳይለቅ እየቆለለ 8 ጂቢውን ራም ይጨርሰዋል። ማጥፋት ማብራቴ ሜሞሪውን ባዶ ስለሚያደርግ ለጥቂት ሰዓት ያሠራል፤ እኔም ጠገንኩ ብዬ ወደ ቡናዬ እሄዳለሁ። ለወራት!

ፕሮግራሙን አስቁሜ ዳታቤዙን አስነሳሁት። የአባታችን ወረቀት ለመውጣት አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። «ዛሬ ኔትወርኩ መጣ?» አሉኝ። «አዎ አባባ» አልኳቸው።