«ተሰበረብኝ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

በአማርኛ አንድ ፊደል በመጨመር ብቻ ሠሪውን ከዓረፍተ ነገሩ ማስወጣት ይቻላል። ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሚያውቀውን አበበን እንውሰድ። «አበበ በሶውን በላ» ስንል ማን እንደበላ ይታወቃል። «በሶው ተበላ» ስንል ግን አበበ የለም፤ የምናየው ባዶውን ሳህን ነው። ይህን ያደረገችው «ተ» ናት። ከፈተ፣ ተከፈተ፤ ሰረቀ፣ ተሰረቀ፤ ሰበረ፣ ተሰበረ። የሰዋስው መጻሕፍት የመጀመሪያውን አድራጊ፣ ሁለተኛውን ተደራጊ ይሉታል። «በሶው በአበበ ተበላ» ማለትም ይቻላል፤ ግን እንዲህ የሚባለው በትምህርት ቤት እንጂ በምሳ ሰዓት አይደለም።

እንደ እኔ ሜልበርን ላደጋችሁ ይህ ቀላል ነው። «ወዝ ብሮክን» ማለት «ተሰበረ» ነው። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። እኔ ይህን የተረዳሁት በእናቴ ሥራ ምክንያት ነው።

እናቴ በምዕራብ ሜልበርን በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ ከጀመረች ጥቂት ወራት ሆኗት ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ፉትስክሬ እንግሊዝኛ ትማር ነበር። ትምህርቱ ኤ.ኤም.ኢ.ፒ. የሚባለው፣ መንግሥት ለአዲስ መጤዎች በነጻ የሚሰጠው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1948 ጀምሮ አለ። አንድ ቀን እናቴ የአንዲት አሮጊት አልጋ ስታነጥፍ መነጽራቸው ከኮሞዲኖው ላይ ወድቆ ተሰበረ። ራሷ ሄዳ ለአለቃዋ ተናገረች፤ ቅጹንም ራሷ ሞላች። የጻፈችው «ዘ ግላሲስ ወር ብሮክን» ብቻ ነበር። አለቃዋ አንብባ «ማን ሰበረው? ለምን ትደብቂያለሽ?» አለቻት።

እማዬ ቤት ስትገባ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ያናደዳት የመነጽሩ ዋጋ አልነበረም። «መደበቅ ብፈልግ ለምን ራሴ ሄጄ እናገራለሁ?» አለችኝ። ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። «እስቲ የሆነውን በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት።

«አልጋውን እያነጠፍኩ ሳለ መነጽራቸው ወድቆ ተሰበረብኝ።»

ልዩነቱ እዚያች «ብኝ» ውስጥ ነው። «ተሰበረ» ያለ ሰው ከነገሩ ውጭ ሊቆም ይችላል። «ተሰበረብኝ» ያለ ግን ራሱን ነገሩ ውስጥ አስገብቷል። «ብኝ» ማን እንደሰበረው በግልጽ አትናገርም፤ አሮጊቷም ስለ መነጽራቸው «ተሰበረብኝ» ሊሉ ይችላሉ። የምትናገረው ጉዳቱ ማንን እንደነካ፣ ነገሩ በማን ላይ እንደደረሰ ነው። እናቴ ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር «ተሰበረ»ን ይዛ ሄደች፤ «ብኝ» ግን መንገድ ላይ ቀረች። አለቃዋ ያነበበችው የቀረውን ብቻ ነው።

በሳምንቱ እናቴ ይህን ክፍል ውስጥ ስታወራ፣ አጠገቧ የምትቀመጥ ኮሎምቢያዊት ሳቀች። «እኛም እንደዚያ ነው የምንለው» አለቻት። በስፓኒሽ «ሴ ሜ ሮምፒዮ» ይባላል። «ሴ» እንደ እኛ «ተ» ሠሪውን ታስወጣለች፤ «ሜ» ደግሞ እንደ «ብኝ» ሰውየውን መልሳ ታስገባለች። «ተረሳኝ» ለማለትም «ሴ ሜ ኦልቢዶ» ይላሉ። ሁለቱም ሴቶች እንግሊዝኛው ላይ ሲደርሱ የሚደናቀፉት አንድ ቦታ ላይ ነበር። እርግጥ እንግሊዝኛም መኪና መንገድ ላይ ሲቆም «ብሮክ ዳውን ኦን ሚ» ይላል፤ ይህ ግን ለጨዋታ እንጂ ለሥራ ሪፖርት አይሆንም።

ሪፖርቱ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ማን እንዳደረገና መቼ እንዳደረገ። ጊዜውን አማርኛው ራሱ አዘጋጅቶታል። «እያነጠፍኩ ሳለ» ያልተቋረጠ ሥራ ነው፤ በእንግሊዝኛ «አይ ወዝ ሜኪንግ ዘ ቤድ» ይሆናል። «ወድቆ ተሰበረ» በአንድ አፍታ ያለቀ ነገር ነው። ሠሪዋን ደግሞ እናቴ ራሷ ጨመረች፤ በክንዷ የነካችው እሷ ነበረችና «አይ ኖክድ ዘም» ብላ ጻፈች። በማግስቱ አለቃዋ አንብባ ፈረመች። ይቅርታ አልጠየቀችም። እናቴ ግን የዚያን ቀን ማታ በደንብ እራት በላች።

በጊዜያት ላይ ከኮሎምቢያዊቷ ይልቅ እናቴ የምትቸገርበት አንድ ነገር ነበር። ስፓኒሽ ለአሁንና ለወደፊት የተለያየ ቅርጽ አለው። በአማርኛ ግን «ይመጣል» ለሁለቱም ያገለግላል፦ «ሁልጊዜ ይመጣል»፣ «ነገ ይመጣል»። ስለዚህ «መድኃኒቱን እወስዳለሁ» ያለች እናት በየቀኑ እየወሰደች ይሁን ገና ልትጀምር፣ ቃሉ ብቻውን አይነግራችሁም። ሐኪም ቤት ስታስተረጉሙላት «ከመቼ ጀምሮ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሙያ አስተርጓሚ ካስፈለገ ደግሞ በ131 450 በስልክ ይገኛል። በሌላ በኩል «መጣ»ና «መጥቷል» ከእንግሊዝኛው ጋር ይቀራረባሉ። «መጥቷል» ከተባለ ሰውየው አሁን እዚህ እንዳለ ይገባናል። «መጥቶ ነበር» ከተባለ ግን ምናልባት ሄዷል።

ስታነቡ የምትጠነቀቁበት ሌላም ነገር አለ። «ተ» ሁልጊዜ አትታይም። «አበበ ይበላል» ላይ ቃሉ ላልቶ ይነበባል፤ የሚበላው አበበ ነው። «በሶው ይበላል» ላይ ግን «በ»ም «ላ»ም ይጠብቃሉ፤ «ተ» ጠፍታ ጥብቀቷን ትታ ሄዳለች። አጻጻፉ አንድ ነው፤ የሚለየው ድምፁ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ ያደርጉ ነበር። ልማዱ አልተስፋፋም። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲገባችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡና እናታችሁን ወይም አባታችሁን አሰሙ።

በ«ተ» የሚጀምር ሁሉም ተደራጊ እንዳልሆነም አትርሱ። ተቀመጠ፣ ተናገረ፣ ተማረ፦ እነዚህን የሚያደርጋቸው ባለቤቱ ራሱ ነው።

በዚህ ሳምንት ቤት ውስጥ «ብኝ»ን አዳምጡ። ቁልፍ ጠፋብኝ። ወተቱ ፈሰሰብኝ። ወንድሜ ታመመብኝ። በእንግሊዝኛ «አይ አም ሌት» የሚባለው በአማርኛ «ረፈደብኝ» ነው፤ ጠዋቱ እኔ ላይ አለፈ እንደ ማለት። ወላጆቻችሁ እንዲህ ሲሉ ከጥፋት እየሸሹ አይደለም። የሆነው ነገር እንደነካቸው እየነገሯችሁ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱላቸው ያችን ትንሽ ቃል መንገድ ላይ አትጣሉባቸው።